የሥልጠና መተግበሪያዎቻችን የማንን ልብ ይለካሉ?

በማለዳ ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው ጎዳና ዳር ቆሞ ብርዱን ጥቂት የታገሠ ሰው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ሶምሶማ የሚሮጡ ወጣቶች በፊቱ ሲያልፉ ማየቱ አይቀርም። ከእነርሱ ራቅ ብሎ አሠልጣኛቸው ይቆማል። በአንድ እጁ ስቶፕ ዎች፣ በሌላው ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዟል። ይህ ሥዕል ለአካባቢያችን ነዋሪ አዲስ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ዕቃ ተጨምሮበታል፤ ይኸውም የሥልጠና መተግበሪያ የተጫነበት የእጅ ስልክ ነው።

የሥልጠና መተግበሪያ ስንል አሠልጣኙ የሳምንቱን ልምምድ ጽፎ የሚልክበትን፣ ሠልጣኙም የሠራውን የሚመዘግብበትን፣ በመካከሉም ኮምፒውተሩ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ልብ ምቱ የራሱን ፍርድ የሚሰጥበትን ሶፍትዌር ማለታችን ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ያለ ሽቦ የልብ ምት የሚለካ መሣሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ መስክ እያደገ መጥቶ፣ ዛሬ የእጅ ሰዓቱም ስልኩም የአሠልጣኝነቱን ሥራ ሊጋራ ይፈልጋል። በሀገራችንም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ይህንኑ ርእስ ሲመርጡ እናያለን። ምርጫቸውን እንደግፋለን። አሠራራቸውን ግን ልንሞግት እንወዳለን።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አሠልጣኝ ስልኩን አውጥቶ የአንዲት የ19 ዓመት ሠልጣኙን መዝገብ አሳየን። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጉና ተራራ ግርጌ ዳገቱን ስትሠራ ቆይታለች። መተግበሪያው ግን በቀይ ቀለም፣ ብቃቷ እያሽቆለቆለ እንደሆነና ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት ይናገራል። አሠልጣኙ በዐይኑ የሚያየው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ልጅቷ እንደዚያ ወር ጠንክራ አታውቅም። ያስጨነቀው የማሽኑ ስሕተት አልነበረም፤ ልጅቷ ከእርሱ ይልቅ ማሽኑን ማመኗ ነበር። ለቀጣዩ ውድድር እንዳትመዘገብ ለምናው እንደነበር ነገረን።

እንግዲህ ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ቀይ ቀለም ልጅቷን ከማን ጋር አነጻጽሮ ነው ደካማ ያላት?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ መሆኗ ይታወቃል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛው ጥቂት ያንሳል። የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር ስለሚበልጥ እዚያ ግፊቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በጅቡቲም ሆነ በጉና ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው ድርሻው ሳይሆን ኦክስጅኑን ወደ ሳንባ፣ ከሳንባም ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው። የስፖርት ፊዚዮሎጂ መማሪያዎች በግርድፉ እንደሚያስተምሩት፣ ከ1,500 ሜትር በላይ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን በ1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በደብረ ታቦር የሚሮጥ የቆላ ሰው 12 በመቶ ያህል አቅሙን ያጣል ማለት ነው። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ጨርሶ አይጠፋም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከ1968ቱ እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። ውድድሩ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲካሄድ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የአውስትራሊያዊው የሮን ክላርክ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ያስመዘገበው 27 ደቂቃ ከ39.4 ሰከንድ። በሜክሲኮ ያሸነፈው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ግን የገባው በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ ነው። የእኛው ማሞ ወልዴ በ0.6 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ እንደገባ ራሱን ስቶ ወደቀ። አሸናፊው ከክብረ ወሰኑ በ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ዘግይቷል። በዚያ ቀን የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ኖረው ቢሆን፣ ፍጥነትን ብቻ አይተው ቴሙንም ማሞንም በቀይ ቀለም በጻፉባቸው ነበር። ማሞ ግን ከሳምንት በኋላ የማራቶኑን ወርቅ ወሰደ።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ያወርዳል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ ጉንደርሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በ2,500 ሜትር እየኖሩ ጠንካራውን ልምምድ ግን በ1,250 ሜትር የሠሩ ሯጮች የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሀገሮች ስፖርተኞች ይህን ልዩነት ለማግኘት በአውሮፕላን ይጓዛሉ። እዚህ በሚኒባስ ይደረስበታል! ፎገራው ጥናቱ ላይ እንዳለው ዝቅተኛ ቦታ ዝቅ ያለ ባይሆንም፣ በ900 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሳንባ የሚያገኘው እፎይታ ትንሽ አይደለም። ይሁንና ከፍታን የማይመዘግብ መተግበሪያ ማክሰኞ በፎገራ የተሠራውን አንድ ሺህ ሜትርና ዓርብ በደብረ ታቦር የተሠራውን አንድ ሺህ ሜትር በአንድ ዓምድ ይደረድራቸዋል። ከዚያም ዓርብ ዕለት ሠልጣኙ እንደደከመ ይፈርዳል።

ዳገቱም ሌላ ነው። ጣሊያናዊው አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ልኬት መሠረት፣ 10 በመቶ ተዳፋት ባለው ዳገት መሮጥ ለአንድ ሜትር የሚጠይቀው ጉልበት ከሜዳው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። በፋርጣ ገጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ዳገት ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ከአግድም ርቀት ይልቅ ከፍታን ሲለካ የበለጠ ይሳሳታል። ስለዚህ አሠልጣኙ የሚያውቃቸውን ዳገቶች ርዝመትና ከፍታ አንድ ጊዜ በእጁ አስገብቶ ስም እንዲሰጣቸው መፍቀድ ከውድ ሴንሰር የተሻለ ያገለግላል። ዳገቱ ከዓመት ዓመት አይንቀሳቀስምና።

ስለ ደም ኦክስጅን መለኪያም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባንም። ብዙ የእጅ ሰዓቶች የኦክስጅን ሙሌትን እየለኩ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ማስጠንቀቂያ ያሰማሉ። የማስጠንቀቂያው ድንበር የተሠመረው ግን በቆላ ሰው ልክ ነው። የደጋው ኢትዮጵያዊ ደም ለሳይንስ ዓለም ራሱ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘንድ የሄሞግሎቢን መጠን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በቲቤት ደግሞ የኦክስጅን ሙሌቱ ዝቅ ይላል። በእኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢኑ በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌቱም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ብዙም የማይለይ። ይህ አማካይ ቁጥር ነው። ከአማካዩ በታች ያለው ጤነኛ ሰው ብዙ ነው፤ በቅርቡ ከቆላ የመጣው ሠራተኛ ወይም ተማሪ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ መተግበሪያ ለሁሉም አንድ የማስጠንቀቂያ ድንበር ሲያወጣ ጤነኛውን ያስደነግጣል፤ የእውነት የታመመውንም ማስጠንቀቂያ መናቅ ያስለምደዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

የአቋማችን ዋና ነጥብ እንግዲህ ይህ ነው፦ መተግበሪያው ሰውን ከሠንጠረዥ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከትናንቱ ጋር ያነጻጽር፤ የመጨረሻውንም ፍርድ ለአሠልጣኙ ይተው። ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሠንጠረዦቹ ሁሉ በጣም የተለመደውን እንውሰድ። ከ220 ላይ ዕድሜን ስንቀንስ ከፍተኛውን የልብ ምት እናገኛለን ይባላል። ይህ ቀመር በጂሞቻችን ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተለጥፎ አይተነዋል። የመጣው ግን ፎክስ፣ ናውተንና ሃስኬል በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ልብ ሕመም መከላከል ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ሲሆን፣ ከቀደሙ ጥናቶች ተሰብስበው በተሠመሩ ነጥቦች መካከል በዐይን ግምት የተሰጠ መስመር እንጂ ለሯጭ ተብሎ የተቀመረ አይደለም። ሂሮፉሚ ታናካና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. የተሻለ ቀመር አቅርበዋል፤ 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጥፍ። እርሱም ቢሆን የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። በአንድ ዕድሜ ባሉ ሰዎች መካከል የ10 ምት ልዩነት ወደላይም ወደታችም የተለመደ ነው።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። ለ20 ዓመት ወጣት የድሮው ቀመር 200 ይሰጣል። መተግበሪያው በ85 በመቶ ሥራ ካለው 170 ላይ ያሮጠዋል። የልጁ እውነተኛ ጣሪያ 185 ከሆነ ግን ይህ 92 በመቶ ነው። መካከለኛ ተብሎ የታዘዘለት ልምምድ በየቀኑ ውድድር ሆነበት ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሲከሳ፣ እንቅልፍ ሲያጣና ውጤቱ ሲወርድ መተግበሪያው ተጨማሪ ልምምድ ያዝለት ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። አሠልጣኙ ሠልጣኙን በሚያውቀው ዳገት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ አቅሙ ጥግ አሩጦ ያየውን ከፍተኛ ምት በቀመሩ ምትክ ማስገባት እንዲችል አንዲት ባዶ ሣጥን መተው ነው። ይህች ሣጥን የሌለችባቸው መተግበሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ያለችባቸውም ቢሆኑ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ደብቀዋታል።

ይህ ሙከራ ለወጣት ሯጭ እንጂ ለሁሉ አይሆንም። በከተማችን ጂሞችና ሜዳዎች ሐኪም እንቅስቃሴ ያዘዘላቸው የደም ግፊትና የስኳር ታማሚዎችም ይመጣሉ። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል የልብን ምት የሚያዘገዩ አሉ። እነዚህን የሚወስዱ አንድ ጎልማሳ ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ ቢራመዱ እንኳ ምታቸው መተግበሪያው ከሚጠይቀው ላይደርስ ይችላል። መተግበሪያውም ፍጠኑ ይላቸዋል። መድኃኒትን የማይጠይቅ መተግበሪያ ለእንዲህ ያለ ሠልጣኝ ባይሰጥ ይሻላል።

ሰዓትም ሴንሰርም የማይፈልግ፣ ዋጋውም ምንም የሆነ አንድ መለኪያ አለ። ይኸውም ሠልጣኙን መጠየቅ ነው። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ሰው የራሱን ድካም በቁጥር እንዲገልጽ የሚያስችል ልኬት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀርጸዋል። አሜሪካዊው ካርል ፎስተር ደግሞ ይህን ቁጥር በልምምዱ ደቂቃዎች ማባዛት የዕለቱን ጫና እንደሚያሳይ ለገለጸው ዘዴ ታዋቂ ነው። ለምሳሌ 60 ደቂቃ በድካም ደረጃ 4 የሮጠ 240 ይመዘገብለታል፤ 40 ደቂቃ በደረጃ 8 የሠራ 320። አጭር ሩጫ ከረጅሙ የከበደ መሆኑን ማንም ሊያየው ይችላል። ከፍታውም፣ ዳገቱም፣ ጾሙም፣ ያላለፈው ጉንፋንም ሁሉ በዚያች ቁጥር ውስጥ ገብተዋል። አካሉ ራሱ ደምሮ አቅርቧቸዋል።

ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቁጥሩን ማግኘት ከማባዛቱ ይከብዳል። ሠልጣኝ አሠልጣኙ ፊት ቆሞ «ደክሞኛል» ማለት እንደ ስንፍና የሚቆጠርበት ባህል ውስጥ ነን። ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት «እንዴት ነበር?» ሲባል «ቀላል ነው ኮች!» ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ልምምዱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ለብቻው፣ በስልኩ ይድረሰው። መልሱም ለአሠልጣኙ ብቻ ይታይ፤ ለቡድኑ ሰንጠረዥ አይሰቀል። ብዙ መተግበሪያዎች ውድድርን ለማነቃቃት ሲሉ የሁሉንም ቁጥር ለሁሉም ማሳየታቸው በዚህ ረገድ ጎጂ ነው።

የመልሱም ቃላት ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ ባይሆኑ ይመረጣል። የአካባቢያችን ሯጭ «እግሬ ከበደኝ» ሲልና «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየተናገረ ነው። የመጀመሪያው የትናንቱ ልምምድ ከጡንቻው እንዳልወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ ምናልባት ከፍታው ወይም የደም ማነስ እንደተጫነው ይጠቁማል። ጎበዝ አሠልጣኝ በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ የነገውን ልምምድ ይለውጣል። ከአንድ እስከ አሥር ያለው ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግረውም። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን አራት አምስት የታወቁ የአማርኛ አባባሎች ተደርድረው ሠልጣኙ አንዱን ቢነካ፣ ለአሠልጣኙ ከልብ ምት ሥዕል የበለጠ ትርጉም ይሰጠዋል።

ቋንቋን ካነሣን አይቀር፣ ከምርመራችን ያሳቀንን አንድ ነገር እናካፍላችሁ። አንድ ወደ አማርኛ ተመልሻለሁ የሚል መተግበሪያ የልብ ምትን «ጥራጥሬ» ብሎት አገኘነው። በእንግሊዝኛው አንዱ ቃል ምትንም ጥራጥሬንም ስለሚያመለክት፣ ማሽኑ ባቄላውን መርጧል። «ጥራጥሬዎ ከፍተኛ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ በዐቢይ ጾም ሰሞን ለብዙዎቻችን እውነት ሊሆን ይችላል። ቀልዱን ትተን ግን፣ አማርኛ ሰውን ሲያነጋግር አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይል ማለፍ የማይችል ቋንቋ ነው። የልጅ ልጅ ያዩትን እመቤት «ተነስ፣ ተራመድ» ብሎ የሚያዝ ስልክ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ከመሳቢያ ይገባል። የ15 ዓመቱን ልጅ «እርስዎ» ማለትም ያው ነው፤ ልጁ ይስቅበታል እንጂ አይሰማውም። ጾታንና አክብሮትን ምዝገባው ላይ ጠይቆ መልእክቱን በዚያው መሠረት ማውጣት ለፕሮግራም ጸሐፊ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሰዓቱና ቀኑም እንዲሁ ነው። ልምምድ በ12 ሰዓት ብሎ አሠልጣኙ ሲጽፍ ማለዳን ማለቱ ነው፤ ስልኩ ግን እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ያደርገዋል። የስልካቸውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሞሉ ሰዎችም አሉ። የእነርሱ የማለዳ ሩጫ እኩለ ሌሊት ላይ እንደተሠራ ይመዘገብና መተግበሪያው እንቅልፍ ማጣታቸውን ይወቅሳል። ወሩም 30 ቀን፣ ዓመቱም 13 ወር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጾሙ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀናት ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀናት ነው። በነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። አጥብቆ ለሚጾመውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የለም። የሙስሊም ሯጮቻችን ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀናት ያህል ወደፊት እየመጣ በክረምትም በበጋም ያርፋል። መተግበሪያዎቹ ይህን ሁሉ እንደ ጉድለት ቆጥረው በየቀኑ ወተት ጠጣ እያሉ ሲመክሩ ይውላሉ። አስተዋይ አሠልጣኝ ምን ያደርጋል? ጠንካራውን ልምምድ ከቁርስ በፊት ከማድረግ ይልቅ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ያደርገዋል፤ ሩጫው እንዳለቀ በሶውና ሽሮው ይደርሳል። የዓመቱንም ከባድ ወራት ከፋሲካ በኋላ ያስጀምራል። ይህ ዕውቀት በደብተሩ ውስጥ አለ። መተግበሪያውን ለማሻሻል የሚነሣ ተማሪ መጀመሪያ ሊያነበው የሚገባው ሰነድ ያ ደብተር ነው። ለምግቡ መዝገብ ደግሞ የቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ያዘጋጃቸው የምግብ ንጥረ ነገር ሠንጠረዦች ስለ ጤፉም ስለ ገብሱም ቁጥር ይሰጣሉ። ለእንጀራ በውጭ ዳቦ መተመን አያስፈልግም።

ደብተሩን የምናደንቀው በከንቱ አይደለም። በአርሲ በቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ሲያሠለጥኑ መተግበሪያ አልነበራቸውም። በቆጂም እንደ ደብረ ታቦር ደጋ ናት። ይህን ስንል ስልኩ ይጣል ማለታችን አይደለም። አንድ አሠልጣኝ ዐሥር ሠልጣኝ ሲኖረው ዐይኑ ይበቃዋል፤ አርባ ሲሆኑ ግን ማን ባለፈው ሳምንት ምን ያህል እንደሠራ ማስታወስ ከሰው አቅም በላይ ነው። ማሽኑ የሚበልጠን በማስታወስ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ይህ ይሁን።

ማስታወሱ ግን ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ መዝገባቸውን በሩቅ ሰርቨር ያኖሩ ሁሉ ከራሳቸው መዝገብ ተቆልፎባቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን ካስቀለጡ በኋላ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ማስጠረግ እንዳስፈለጋቸው የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለመተግበሪያም መንገዱ ቀድሞ መታሰብ አለበት። መዝገቡ በስልኩ ላይ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላክ፤ ካልተገኘም የዕለቱ ልምምድና የድካሙ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይመላለሱ። ተራ ስልክ የያዘውም ሠልጣኝ ከዚህ አይገለል። አንዲትም የእጅ ሰዓት በአምስት ሯጮች መካከል የምትዞርበት ቦታ ስለሆነ፣ ሰዓቷ የማን እንደሆነች ሳይሆን ዛሬ በማን እጅ እንደዋለች መተግበሪያው ይጠይቅ። አለዚያ አምስቱን ሰዎች አንድ አድርጎ አንድ አስገራሚ አትሌት ይፈጥራል።

ሌላው የምንፈራው ጉዳይ የቦታ መረጃ ነው። ስትራቫ የተባለው ኩባንያ የተጠቃሚዎቹን የሩጫ መስመሮች በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አሳትሞ፣ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የጦር ሰፈሮች ሳይቀሩ በሯጭ ወታደሮች ዱካ መታወቃቸው ዓለምን ማነጋገሩ ይታወሳል። ለእኛ ነገሩ ከዚህ ይቀርባል። ገና ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን የምትሮጥ ልጅ ከየት ቤት እንደምትነሣና በየትኛው ጫካ ዳር እንደምታልፍ ለማንም መታየት የለበትም፤ ጸጥታ በታወከበት ጊዜ ደግሞ የማንም ዱካ ለማንም መታየት የለበትም። አሠልጣኙ ለሥራው የሚያስፈልገው ርቀቱ፣ የወጣችው ዳገትና ጊዜው ነው፤ የመንገዱ ሥዕል አይደለም። ስለዚህ ካርታው ከመጀመሪያው ተዘግቶ ይምጣ፤ የሚፈልግ ይክፈተው። አሁን ያለው አሠራር በአብዛኛው የዚህ ግልባጭ ነው።

በመጨረሻ ብዙም የማይወራለት፣ ለእኛ ግን የሚያንገበግበን አንድ ነገር አለ። አንድ ወጣት ከጋይንት ወይም ከፋርጣ ተነሥቶ ጥሩ ሰዓት ሲያስመዘግብ የአዲስ አበባ ክለብ ይወስደዋል። የሦስትና የአራት ዓመት መዝገቡ ግን በመጀመሪያው አሠልጣኝ ደብተር ውስጥ ይቀራል። አዲሱ አሠልጣኝ ልጁ በየትኛው ወር ጉልበቱን እንደታመመ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሲያልፍ እግሩ እንደሚከብደው ሳያውቅ ከባዶ ይጀምራል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ይደርሳል። የመጀመሪያው አሠልጣኝ ስምም አብሮ ይጠፋል። መተግበሪያው ይህን ሊያስቀር የሚችል ብቸኛ መሣሪያ ነው። መዝገቡ የኩባንያው ወይም የክለቡ ሳይሆን የሠልጣኙ ይሁን፤ ማን ያሠለጠነው መቼ እንደሆነ በየገጹ ይጻፍ፤ ልጁ ሲሄድም በብሉቱዝ ተቀብሎት ይሂድ። የአንድ ዓመት ልምምድ፣ ሦስት መቶ ያህል መስመር ጽሑፍ ሆኖ፣ በስልኩ ከተነሣ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።